አስራ ሦስተኛው ዙር

ሁለቱንም እጆቼን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ ጥርሴን ሁሉ እያሳየሁ፣ ከኋላዬ አንድም ተከታይ ሳይኖር የውድድር መጨረሻ መስመር አልፌ አውቃለሁ። ችግሩ ውድድሩ ካለቀ ቆይቶ ነበር። ይህን ታሪክ ሳወራ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ሲደርስ ይስቃል፤ እናንተም ብትስቁ አልቀየምም። ሳቃችሁን ስትጨርሱ ግን እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ፤ በዚያ እሁድ የሆነው ነገር እኔ ራሴ ዛሬም ድረስ በሙሉ የገባኝ አይመስለኝምና።

ጊዜው ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ስሜ ትርሲት ነው። ያኔ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ማትሪክ ጥሎኝ ኦሎምፒያ አካባቢ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የሰው ማመልከቻ ስተይብ እውላለሁ። ቤታችን ካዛንቺስ ነበር። የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እናቴ በአንድ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ትሠራለች። ታላቅ እህቴ ሂሩት ቤሩት ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር፤ እኔንም ልትወስደኝ ወረቀቱን ሁሉ ጨርሳለች። ፓስፖርቴ ወጥቷል፣ የጤና ምርመራዬ አልቋል፣ ሻንጣዬ እንኳን ተገዝቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

የምፈልገውን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ብስክሌት። ያስለመዱኝ ጋሽ በላቸው ናቸው። ከቤታችን ጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ ብስክሌት እያከራዩና እየጠገኑ የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው ተወዳዳሪ የነበሩ ሰው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው ወድቆ የተነሳው። እሁድ እሁድ ጠዋት ሰፈሩን የሚዞር ውድድር ያካሂዱልናል። ታዲያ ውድድሩ አንድ የሰፈራችን ሕግ ነበረው። የመጀመሪያው ዙር አይቆጠርም።

ነገሩ የመጣው በእትዬ ዘነበች ነው። እትዬ ዘነበች ደጃቸው ላይ የእንጨት መቀመጫ ዱካቸውን አውጥተው የማይቀመጡበት ቀን የሌላቸው የሰፈራችን ትልቅ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ጋሽ በላቸው ግቢ ድረስ ሄደው ከሰሱን። "እነዚህ ልጆች ብስክሌት ላይ ሲወጡ ሰላምታ የሚባል ነገር ይጠፋባቸዋል። ሰው መሆናችንንም የሚያውቁ አይመስሉም!" ጋሽ በላቸው ነገሩን አሰቡበትና ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ዙር "የሰላምታ ዙር" ሆነ። ቀስ ብለን እየነዳን፣ በየደጁ ለተቀመጠው ሽማግሌና ባልቴት ሁሉ አንገታችንን ሰበር አድርገን "እንደምን አደሩ" እንላለን። እነሱም ይመርቁናል። እሽቅድምድሙ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አስር ዙር ከተባለ አስራ አንድ እንነዳለን ማለት ነው። አስር ዓመት ያህል እንዲህ እየቆጠርኩ ነው ያደግኩት፤ ይህን ያዙልኝ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቱታ የለበሰ ረጅም ሰውዬ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ይዞ ወደምሠራበት ቤት ገባ።

"እህት፣ ይቺን ቶሎ ትተይቢልኛለሽ? ዛሬ መለጠፍ አለባት።"

መተየብ ጀመርኩ። የሴቶች የጎዳና ላይ የብስክሌት ውድድር። ከኡራኤል ተነስቶ ወደ ካዛንቺስ ወጥቶ የሚመለስ አጭር ዙር። እሁድ ሳምንት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት ክለቡ ውስጥ በደመወዝ ይቀጠራሉ። እዚህ ጋ ጣቴ ቆመ። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር ጻፍኩ፤ "አስራ ሁለት ዙር።" በገዛ ጣቴ ነው የጻፍኩት።

"ይሄ ማንም መወዳደር ይችላል?" አልኩት።

"ሴት ከሆነች፣ ብስክሌት ካላት ይቻላል።"

"ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው እኮ የቀረው!"

"ለሚዘጋጁት ከወር በፊት ነግረናል" አለ ሰውዬው። "ማስታወቂያው ለሌላው ነው።"

እኔ ሌላው ነበርኩ። ብስክሌት ላይ ሳልወጣ ደግሞ አራት ወር ሆኖኝ ነበር።

የዚያን ቀን እናቴ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እስክታወልቅ እንኳን አልጠበቅኩም።

"እማዬ፣ ውድድር ልገባ ነው። የብስክሌት። አንደኛ ወይ ሁለተኛ ከወጣሁ ደመወዝ አለው፤ ቤሩት አልሄድም።"

እናቴ አንዱን ጫማ አውልቃ ሌላውን እንደያዘች ቀና አለች። "መቼ ነው?"

"እሁድ ሳምንት።"

"በረራሽ እኮ ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ተወዳደሪ" አለች። "ከወሰዱሽ ቅሪ። ካልወሰዱሽ ግን ሐሙስ ሻንጣሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ ለቅሶ የለም፣ ኩርፊያ የለም። ተስማማን?"

"ተስማማን።"

"ቁምጣ ለብሰሽ በሰው ፊት ስትዞሪ ደግሞ ነይ እዪኝ እንዳትዪኝ!"

በማግስቱ ማለዳ ጋሽ በላቸው ጋ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የራሳቸው የውድድር ብስክሌት ቀና ብለው አዩ። ያንን ብስክሌት አቧራውን ሲጠርጉት እንጂ ሲያወርዱት አይቼ አላውቅም። አወረዱት። ኮርቻውን ለእኔ ቁመት ዝቅ አደረጉልኝ፣ ካቴናውን ዘይት ቀቡት፣ ፔዳሉን በእጃቸው አሽከርክረው እስኪቆም ድረስ አዳመጡት።

"ዘጠኝ ቀን!" አሉ። "አሁን እማ ስምንት ሆነ። ልጄ፣ በስምንት ቀን አዲስ እግር አይሠራም። ያለውን ማበላሸት ግን ይቻላል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?"

"ትንሽ ንጂ፣ ብዙ ተኚ።"

ከግቢው ስወጣ ሰለሞንን አገኘሁት። ሶል ነው የምንለው። የሰፈራችን ልጅ ሆኖ ክለብ የገባ እሱ ብቻ ስለነበር ቃሉ እንደ ሐኪም ቃል ነው የሚሰማው።

"ስሚ ትርስዬ፣ ጋሽ በላቸውን እወዳቸዋለሁ፣ ግን የድሮ ሰው ናቸው" አለኝ። "አጭር ዙር ማለት፣ ማለቴ፣ በቃ ስፕሪንት ነው። ከኩርባ ወጥተሽ መተኮስ፣ ከኩርባ ወጥተሽ መተኮስ። በቀን ሠላሳ ጊዜ!"

"እሳቸው ግን ተኚ ነው የሚሉኝ።"

"እንቅልፍ ቤሩት ስትሄጂ አውሮፕላን ላይ ትተኚያለሽ።"

ግራ ገባኝ። ማንን ልስማ? አንዳቸውን መርጬ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ እኔ ግን ሁለቱንም ሰማሁ። ጊዜ ያለኝ ማለዳ ሥራ ከመግባቴ በፊትና ማታ ከሥራ ስወጣ ብቻ ነው። ማለዳ በጋሽ በላቸው ትእዛዝ ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ ማታ ተደብቄ ላንቻ አካባቢ ባሉት የውስጥ መንገዶች በሶል ትእዛዝ ተኮስኩ። ጋሽ በላቸው ኩርባ ውስጥ ፍሬን አትንኪ ይላሉ። ሶል ሳብ አድርጊና ልቀቂ ይላል። አንዱን ኩርባ በአንዱ ሕግ፣ ሌላውን በሌላው ሕግ ስዞር ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ቀን ላይ ስተይብ ፊደል እሳሳታለሁ። የአንድ ሰውዬን ስም በአባቱ ስም ቦታ ጽፌበት ሊያስለቅሰኝ ደርሷል።

ረቡዕ ማለዳ ጋሽ በላቸው በሌላ ብስክሌት ከፊቴ እየነዱ አንድ ዳገት ሊያስወጡኝ ሞከሩ። እግሬ እንቢ አለ። ከግማሽ ላይ ወርጄ ብስክሌቱን እየገፋሁ ስወጣ ቆመው ጠበቁኝ።

"ማታ ማታ የት ነው የምትሄጂው?"

አጎንብሼ ካቴናውን ነካካሁ።

"የሶል ተማሪ ነሽ የእኔ?"

"አላውቅም ጋሼ" አልኩና አለቀስኩ። እውነቴን ነበር። አላውቅም።

አልተቆጡኝም። ብስክሌቱን ከእጄ ወስደው ግቢያቸው አስገቡና ቆለፉበት። እስከ እሁድ አትነኪውም አሉ። ሐሙስም ዓርብም ሳልነዳ ቀረሁ። የምዘጋጅበት ጊዜ አንሶኝ ስጨነቅ የነበርኩት ሰው አሁን ያንኑ ጊዜም ተቀማሁ። በጀርባዬ ተኝቼ እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሻንጣውን አየዋለሁ። ሻንጣውም የሚያየኝ ይመስለኛል። እናቴ ስለ ውድድሩ አንድ ቃል አትተነፍስም፤ ማታ ማታ ግን ሳህኔ ላይ እንቁላል ትጨምራለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ በላቸው ወደ ኡራኤል ወሰዱኝ። በእግር። ውድድሩ የሚካሄድበትን መንገድ ሙሉውን በእግራችን ዞርነው። እዚህ ጋ ታክሲዎቹ ስለሚቆሙ ዘይት ፈሷል፣ በቀኝ እለፊ። እዚህ ጋ ክዳኑ ከፍ ያለ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። ይቺ ዳገት አጭር ትመስላለች፣ አትመኚያት ይሉኛል። ከላይ፣ ካዛንቺስ ባለው ኩርባ ላይ ቆመው ወደ ታች አሳዩኝ።

"የማስተምርሽ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሌላውን ሁሉ እርሺው። እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ከሰው ጀርባ ተደበቂ። በመጨረሻው ዙር፣ ከዚህ ዳገት ግርጌ ጀምረሽ ያለሽን ሁሉ አውጪ። ምንም አታስቀሪ። ኋላሽንም አትዪ።"

ይህ ገባኝ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ያለ ጥርጥር የገባኝ ይህ ብቻ ነው።

እሁድ ጠዋት አስራ ስድስት ሴቶች መነሻው መስመር ላይ ቆምን። ሌሎቹ ማልያቸው ከጫማቸው ጋር የሚሄድ ነው። እኔ የሰፋኝን የሶልን ሄልሜት በመሐረብ አጥብቄ፣ ቁጥሬን በመርፌ ቁልፍ ጀርባዬ ላይ አድርጌያለሁ። በሕዝቡ ውስጥ እናቴን ፈለግኩ። የለችም። እንደማትመጣ ነግራኛለች፤ እኔም መፈለጌ ገረመኝ።

ፊሽካ ተነፋ።

ዳገቱን ከሁሉም ጋር እኩል ወጣሁ። ደስ አለኝ፤ እግሬ ተመልሶልኛል! ላይኛው ኩርባ ላይ ስንደርስ ግን የሰፈሬ ሰዎች ዱካቸውን ይዘው መጥተው ዳር ዳሩን ተሰድረዋል። ከፊት እትዬ ዘነበች ነጭ በነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። እመኑኝ፣ አላሰብኩትም። እግሬ ፔዳሉን ላላ አደረገው፣ ቀኝ እጄ መሪውን ለቀቀ፣ አንገቴ ሰበር አለ።

"እንደምን አደሩ!"

"ተባረኪ ልጄ! ያሳድግሽ!" አሉ እትዬ ዘነበች። የሌሎቹም ምርቃት ተከተለ። እኔም በየተራ ሰላም አልኳቸው።

ቀና ስል አስራ አምስቱ ሴቶች ቁልቁለቱን ወርደው ጨርሰዋል። ጋሽ በላቸው ኩርባው ላይ ቆመው ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። "ንጂ እንጂ!" አሉ። ያኔ ነው የነቃሁት።

ለመድረስ ሦስት ዙር ፈጀብኝ። ስደርስ ትንፋሼ የለም፤ እንደተባልኩት ከሰው ጀርባ ተደበቅኩ። ያቺ የመጀመሪያ ዙር ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የሰላምታ ዙር ሆና ተቀመጠች። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልወሰንኩም። አንገቴ ሰበር ካለ ዙሩ አይቆጠርም፤ አስር ዓመት የኖርኩት እንዲህ ነው። የቀረውን በጥንቃቄ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የዙር ቁጥር የያዘ ሰሌዳ ነበር፤ ሰው ስለከበበው በእያንዳንዱ ዙር የማየው የሰው ጀርባ ነው።

አስረኛውን ዙሬን ቆጥሬ መስመሩን ሳልፍ ደወል ተደወለ። እሁድ ነው፣ አጠገባችን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው አልኩ፤ የመጨረሻ ዙር በደወል እንደሚታወጅ የነገረኝ አልነበረም። ከፊቴ ያሉት ሴቶች ግን ከኮርቻቸው ተነስተው እንደ እብድ መንዳት ጀመሩ። ምን ሆኑ? ገና ሁለት ዙር ይቀራል እኮ! ሶል ከዳር ሆኖ ሁለት እጁን ያወናጭፋል። ላይኛው ኩርባ ላይ ጋሽ በላቸው "አሁን! አሁን!" ይላሉ። አዘንኩላቸው። እሳቸውም በእርጅናቸው ቆጠራ ጠፋቸው አልኩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ግራ የገባኝ እኔ ነበርኩ፤ አሁን ሁሉም ሰው ሲምታታበት እኔ ብቻ ረጋ አልኩ። ጉልበቴን ቆጥቤ፣ ከቀሩት ሴቶች ጋር፣ ተረጋግቼ መስመሩን አለፍኩ።

ከመስመሩ በኋላ ከፊት የነበሩት በሙሉ ግራና ቀኝ ተበታትነው ቆመዋል። አንዷ መሪዋ ላይ ተደፍታለች። "አለቀላቸው!" አልኩ በልቤ። በመካከላቸው ሰንጥቄ አለፍኩ። የሆነ ሰው ከኋላዬ ጮኸ፣ ሌላም ጨመረበት፤ እያበረታቱኝ መሰለኝ። ከዳገቱ ግርጌ ከኮርቻዬ ተነሳሁ።

ያንን ዙር እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ተኚም ንጂም የሚለኝ ድምፅ ጠፋ። ምንም አላስቀረሁም። ኋላዬን አላየሁም። መንገዱ ባዶ ነው፤ የእኔ ትንፋሽና የካቴናው ድምፅ ብቻ ይሰማል። መንገዱን የዘጋውን ገመድ ፖሊሶቹ አንስተውት ኖሮ አንድ ሰማያዊ ታክሲ ከጎን ገብቶ ጡሩምባውን ነፋብኝ፤ በግራው አለፍኩት፤ ፖሊሶቹ ሰነፎች ናቸው አልኩ። ላይኛው ኩርባ ላይ እትዬ ዘነበች ከዱካቸው ተነስተው ቆሙ። "ብቻዋን! ብቻዋን ናት!" ይላሉ። ጋሽ በላቸው ከቦታቸው ጠፍተዋል፤ አልገረመኝም። ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልነካ ወረድኩ። የመጨረሻውን ኩርባ እንዴት እንደዞርኩት ዛሬም ብትጠይቁኝ አላውቅም። እጆቼን ለቀቅኩ። ቤሩት የለም፣ ሻንጣ የለም። አለፍኩ።

ጭብጨባ የለም።

በመጨረሻው መስመር ላይ የተሰቀለው ጨርቅ በአንድ ጎኑ ወርዷል። ማስታወቂያውን ያስተየበኝ ረጅሙ ሰውዬ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ዞሮ አየኝ።

"እህት" አለኝ በቀስታ፣ "ውድድሩ አልቋል እኮ። ካለቀ ቆየ።"

"እኔ ስንተኛ ነኝ?"

"ዘጠነኛ። ቅድም።"

"ቅድም ማለት?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሁለተኛው ቀጠለ። ከዚያ አካባቢው ሁሉ ሳቅ ሆነ። እጄ ግማሹ ወደ ላይ ነው፣ አልወረደም፤ ማውረዱንም ረሳሁት። በዚያ መሃል ነው እልልታው የተሰማው። አንድ ብቻውን፣ ረጅም፣ ትንፋሽ ሳይወስድ። ዞርኩ። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በሕዝቡ መካከል እየመጣች እልል ትላለች። አጃቢ የላትም፤ ብቻዋን ነው። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ሰው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እናቴ ደርሳ ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣለችና አንገቴን ስማ "እንሂድ" አለችኝ።

ያሸነፍኩ መስሏታል። ሌላ ምን ልበል?

ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ ቤት ስንሄድ የካዛንቺስ ሰው ሁሉ "እንኳን ደስ አላችሁ" ይለናል። እነሱ ከላይ ሆነው ብቻዬን ስመራ ነው ያዩኝ። እትዬ ዘነበች "ሰላምታዋን እንኳን አልረሳች!" እያሉ ሁለት ጉንጬን ሳሙኝ። እናቴ ለሁሉም "አሜን፣ እንኳን አብሮ ደስ አለን" ትላለች። ጋሽ በላቸው ግቢያቸው በር ላይ ነበሩ። ብስክሌቱን ሲቀበሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። "አስር ዓመት አጉል አስቆጠርኩሽ።"

"ለእማዬ ይንገሩልኝ ጋሼ። እኔ አልችልም።"

"ይሄንንስ አልነግርልሽም። የአንቺ ነው።"

ቤት ስንገባ እናቴ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ሻንጣ አንስታ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ያንን አየሁ። ዝም ካልኩ እቀራለሁ። ከክለቡ የሚጠራኝ እንደሌለ ከሐሙስ በኋላ ብታውቅስ? አውሮፕላኑ ሄዷል። ከተናገርኩ ደግሞ በገዛ አፌ ራሴን ሸኘሁ። ቀኑን ሙሉ ጎረቤት ገብቶ ወጣ። ቀኑን ሙሉ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ።

ሰኞ ማለዳ ለሥራ ስትዘጋጅ ፀጉሯን በሻሽ እያሰረች ነበር።

"እማዬ፣ እኔ አላሸነፍኩም። ዘጠነኛ ነው የወጣሁት። ብቻዬን ያየሽኝ ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ነው። ተሳስቼ ነው አንድ ዙር የጨመርኩት።"

ሻሿን አስራ ጨረሰች። ከዚያ ከአንገቷ ጥቁሩን መቁጠሪያ አውጥታ አልጋው ላይ አጠገቤ አስቀመጠችው።

"ስንት ዙር ነበር የተባለው?"

"አስራ ሁለት።"

"አስራ ሁለት። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ልትነሱ ስትሉ ደረስኩ። እንዳታዪኝ አጥሩ ጥግ ቆምኩ። አንዱን ጠባቂ ስንት ዙር ነው ብዬ ጠየቅኩት። ባለፍሽ ቁጥር አንድ ፍሬ አሳለፍኩ። አስራ ሁለተኛው ላይ አለቀ። አንቺ ግን አለፍሽ። ትርሲት አልቋል ብዬ ጮኬ ነበር፤ የት ሰምተሽኝ!"

ከኋላዬ የጮኸው ሰው እሷ ነበረች።

"ታውቂ ነበር? ታዲያ ለምን እልል አልሽ?"

"ሳቁብሽ" አለች። "እኔ ቆሜ በልጄ ሲስቁ ምን ላድርግ? መሳደብ ነበር ያማረኝ። ከቅዳሴ መምጣቴ ትዝ አለኝና እልል አልኩ።"

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ፤ የትኛውን እንደጀመርኩ አላስታውስም። ወደ ሻንጣው አመለከትኩ። እሷም ቀና ብላ አየችው።

"ሂሩት ስትሄድ ቦሌ ድረስ ሸኝቻታለሁ። ፊቷን አይቻለሁ። ያንን ፊት ሁለተኛ አላይም። ትናንት ስትመጪ ያየሁትን ያንቺን ፊት ደግሞ ከወለድኩሽ ጀምሮ አይቼው አላውቅም። ዘጠነኛ ወጥቶ እንደዚያ የሚሆን ሰው ምን ይባላል? አልገባኝም። እስኪገባኝ ድረስ አትሄጂም።"

"ተስማምተን ነበር እኮ።"

"ተስማምተን ነበር" አለች ጫማዋን እየፈለገች። "አንቺ ቆጠራ ተሳሳትሽ፤ እኔ ቃሌን አጠፍኩ። ለሂሩት ዛሬ እኔው እደውልላታለሁ።"

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ሻምፒዮን ሆንኩ ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልሆንኩም። በዓመቱ አንድ ሌላ ትንሽ ክለብ በተጠባባቂነት ወሰደኝ፤ አራት ዓመት ነዳሁ፤ አንድም ቀን ሽልማት መቀበያው ላይ ቆሜ አላውቅም። ስለዚያ እሁድ ሳስብ ዛሬም የምምታታበት ነገር አለ። በሕይወቴ ምርጡ ዙሬ በስህተት የተነዳ፣ ዳኛ ያልያዘው፣ ሰው የሳቀበት መሆኑ ነው። ግራ ገብቶኝ ስዞር ከርሜ እርግጠኛ የሆንኩት ለአንድ ዙር ያህል ብቻ ነው፤ እሱም ስህተት ሆኖ ተገኘ። ግን ያ ስህተት ባይኖር እናቴ ፊቴን አታየውም ነበር። እኔም የምፈልገው ምን እንደሆነ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለእሷ ላሳያት አልቻልኩም፤ አፌ የሚለው ስለ ደመወዝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ልጅ ያላችሁ፣ አንድ ነገር እወዳለሁ ሲላችሁ ውጤቱን ብቻ አትጠብቁ። ሲሠራው ሄዳችሁ እዩት፤ አጥር ጥግ ተደብቃችሁም ቢሆን።

ጋሽ በላቸው ካረፉ ቆይተዋል። ብስክሌታቸው እኔ ጋ ነው፤ ላንቻ ባለችው የመጠገኛ ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እሁድ እሁድ የሰፈሩን ልጆች እኔ አወዳድራለሁ። የሰላምታውን ዙር አላስቀረሁትም፤ ሌላ ቦታ የመጀመሪያውም ዙር እንደሚቆጠር ግን እየደጋገምኩ እነግራቸዋለሁ። ዱካ ላይ የሚቀመጡት አሁን ሌሎች ናቸው። እናቴ አንዷ ናት። ልጆቹ ቀስ ብለው እየመጡ አንገታቸውን ሰበር ያደርጉላታል፣ እሷም በየስማቸው ትመርቃቸዋለች። ከዚያ መቁጠሪያዋን አውጥታ አንድ ፍሬ ታሳልፋለች።

"እማዬ፣ ይሄኛው አይቆጠርም እኮ" እላታለሁ።

"ላንቺ" ትለኛለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። "እኔ የዚያን ቀንም አስራ ሦስት ነው የቆጠርኩት።"